እናቴ ስሜን ረሳች፣ ዘፈኖቿን ግን አልረሳችም

እናቴ አልዛይመር እንደያዛት ካወቅን ወዲህ ደጋግሞ የሚቀርብልኝ አንድ ጥያቄ አለ። «ልጆቿን ለይታ ካላወቀች ዘፈኑን ከነግጥሙ እንዴት ታስታውሳለች?» ይሉኛል። ገሚሱ ተገርሞ ነው የሚጠይቀው፤ የገሚሱ ጥያቄ ግን ውስጡ ጥርጣሬ አለው። ታላቅ ወንድሜ ለረጅም ጊዜ «ስትፈልግ እኮ ታስታውሳለች» እያለ ይከፋ ነበር። ስሙን ስትሳሳት ዝም ብሎ ከክፍሉ ይወጣል፤ ትንሽ ቆይቶ አንድ ዘፈን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስትዘልቀው ከሰማ ደግሞ ይብስበታል። አክስቴም «ምናልባት ተቀይማን ይሆናል» ብላ ይቅርታ ልትጠይቃት የተቀመጠችበት ቀን ነበር።

ይህ ቅሬታ በብዙ ቤት እንዳለ ስለማውቅ ነው የምጽፈው። በሽታው አንጎል ውስጥ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ ሳናውቅ ታማሚው ሲዘፍን ካየነው፣ ቀሪውን ነገር አውቆ የሚተወው ይመስለናል። አካሄዱን ስንረዳ ግን ያው ሙዚቃ አብረን የምንውልበት፣ ከባዱን ሰዓት የምናልፍበት ነገር ይሆናል። በእኛ ቤት የሆነው ይኸው ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። እናቴ ሙዚቀኛ አልነበረችም። ሙዚቃና አልዛይመር ሲነሡ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሱት ዕድሜያቸውን መድረክ ላይ ያሳለፉ ሰዎች ናቸው። አሜሪካዊው ዘፋኝ ግሌን ካምቤል በ2011 በሽታው እንዳለበት በይፋ ተናግሮ ለስንብት ከከተማ ከተማ እየዞረ ዘፍኗል (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ሌላው አሜሪካዊ ዘፋኝ ቶኒ ቤኔትም በ2016 አልዛይመር እንዳለበት ታውቆ፣ በ2021፣ 95 ዓመት ሲሞላው፣ ኒውዮርክ በሚገኘው ሬዲዮ ሲቲ አዳራሽ ከዘፋኟ ሌዲ ጋጋ ጋር መድረክ ላይ ቆሟል። እነዚህን ታሪኮች የሰማ ሰው «የእኔ እናት እኮ ዘፋኝ አይደለችም» ብሎ ተስፋ ሊቆርጥ ይችላል። እናቴ ሥራ ስትሠራ የምታንጎራጉር፣ ሬዲዮ ከፍታ የምትውል፣ ደስ ሲላት ጠረጴዛ የምትመታ ሰው ነበረች። ከዚህ በላይ ችሎታ አያስፈልግም።

እርጅና ራሱ ነገር ያስረሳል። ዕድሜው የገፋ ሰው የጎረቤቱ ስም ጠፍቶበት ማታ ላይ ትዝ ሊለው ይችላል፤ መነጽሩን ያኖረበትን ይፈልጋል፤ አዲስ ነገር ለመልመድ ጊዜ ይወስድበታል። አልዛይመር ከዚህ ይለያል። እናቴ የምትረሳው የነገርኳትን ብቻ አልነበረም፤ መናገሬንም ጭምር ነበር። ለጥያቄዋ የሰጠኋትን መልስ ሳልጨርስ ያንኑ ጥያቄ እንደ አዲስ ትጠይቃለች። ዘመኗን ሁሉ የሠራችው ሥራ ቅደም ተከተሉ ይጠፋባት ጀመር። ገንዘብ መቁጠር አስቸገራት። የምታውቀው መንገድ ላይ ቆማ ግራ ትጋባለች።

ሐኪም ዘንድ ስንሄድ ወዲያው የበሽታ ስም አልሰጠንም፤ መሆን ያለበትም እንደዚያ ነው። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ዕጢ ሥራ መቀነስ፣ ድባቴ፣ አንዳንድ የእንቅልፍና የአለርጂ መድኃኒቶች ሁሉም አልዛይመር የሚመስል መርሳት ሊያመጡ ይችላሉ፤ እነዚህ ደግሞ የሚታከሙ ናቸው። ደሟን መረመሩ፣ የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች አንድ በአንድ ጠየቁ፣ የአንጎል ምስል አነሡ፣ ጥያቄና ሥዕል እየሰጡ አእምሮዋን ፈተሹ። ወላጃችሁን «አርጅቶ ነው» ብላችሁ ቤት ከማስቀረታችሁ በፊት ይህ ምርመራ ይደረግ። ዕድሜ ለአልዛይመር ዋነኛው አጋላጭ ነው፤ ከ65 ዓመት በኋላ በየአምስት ዓመቱ አደጋው በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። ቢሆንም በሽታ እንጂ ማንም ሲያረጅ የሚደርስበት ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ከዲሜንሺያ (የማስታወስና የማሰብ ችሎታን የሚያዳክሙ በሽታዎች የጋራ መጠሪያ ነው) ጋር ይኖሩ ነበር፤ ከዚህ ውስጥ ከ60 እስከ 70 በመቶ ለሚሆነው ምክንያቱ አልዛይመር ነው።

ስለ ጆሮ ለብቻው መናገር እፈልጋለሁ፤ ሙዚቃን በሚመለከት ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው እሱ ነውና። ዕድሜ ሲገፋ መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭኑን ድምፅ የመስማት ችሎታ ነው። ስለዚህ አረጋዊው ከበሮውንና ወፍራሙን ድምፅ እየሰማ ቃሉ ግን ሊምታታበት ይችላል። ሙዚቃ ከፍተንለት ፊቱን ካጨማደደ ዘፈኑን ስለጠላ ላይሆን ይችላል፤ የሚሰማው ግልጽ ያልሆነ ጫጫታ ሊሆን ይችላልና። የጆሮ ኩክም ተጠራቅሞ ይዘጋል፤ ይህንን ማንም የጤና ባለሙያ በቀላሉ ያያል። የመስማት ችግር ለዲሜንሺያ ራሱ ከሚያጋልጡ ነገሮች አንዱ ነው። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን በ2024 ባወጣው ሪፖርት ሊስተካከሉ የሚችሉ 14 አጋላጭ ነገሮችን ዘርዝሮ፣ ሁሉም ቢስተካከሉ ከዲሜንሺያ 45 በመቶ የሚሆነውን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻል ነበር ብሏል። የመስማት ችግር፣ የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ሲጋራና ብቸኝነት ከዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ለእናቴ የጆሮ መርጃ መሣሪያ ከተገጠመላት በኋላ ዘፈን ስትሰማ ፊቷ ላይ የሚታየው ነገር ተለወጠ። ቀድሞ የምትሸሸውን ድምፅ ጠጋ ብላ ማድመጥ ጀመረች።

አሁን ወደ ወንድሜ ቅሬታ ልመለስ። መልሱ ያለው በሽታው ውስጥ ነው።

በሽታው ስሙን ያገኘው ከጀርመናዊው ሐኪም ከአሎይስ አልዛይመር ነው። በ1901 ፍራንክፈርት ውስጥ ኦጉስተ ዴተር የምትባል የ51 ዓመት ሴት ይመረምር ነበር። ዕቃ ሲያሳያት ስሙን ትጠራለች፤ ጥቂት ቆይቶ ምን እንዳሳያት ሲጠይቃት ግን አታስታውስም። በ1906 ስትሞት አንጎሏን በማይክሮስኮፕ አይቶ በሕዋሶቹ መካከል የተጠራቀመ ነገርና በሕዋሶቹ ውስጥ የተጠላለፈ ክር አገኘ፤ በዚያው ዓመት ቱቢንገን ላይ በተደረገ የሐኪሞች ስብሰባም አቀረበው። ዛሬ የመጀመሪያው አሚሎይድ ቤታ የሚባል ፕሮቲን፣ ሁለተኛው ታው የሚባል ፕሮቲን እንደሆነ ይታወቃል። ክምችቱ የሚጀምረው ምልክቱ ከመታየቱ ከ15 ወይም ከ20 ዓመት በፊት ነው።

ቤተሰብ ማወቅ ያለበት ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ነው። ሕዋሶቹ ቀድመው የሚጎዱት ሂፖካምፐስ በሚባለው የአንጎል ክፍልና በዙሪያው ነው። ይህ ክፍል ዛሬ የሆነውን ነገር መዝግቦ ለነገ የሚያቆይ ነው። እሱ ሲጎዳ ሰውየው ጠዋት የሆነውን «አይረሳም»፤ መጀመሪያውኑ አልተመዘገበለትም። እናቴን ጠዋት ጠይቄያት ከሰዓት «ዛሬ ማንም አልመጣም» ስትል የምትዋሽ ወይም የምትወቅሰኝ ሊመስል ይችላል። እሷ ግን እውነቷን ነው፤ መምጣቴ እሷ ዘንድ የለም።

ማስታወስ የምንለው ነገር ደግሞ አንድ ቦታ የተቀመጠ አንድ ችሎታ አይደለም። ትናንት የት እንደነበርን ማስታወስ አንድ ነው፤ የሰውንና የነገርን ስም ማወቅ ሌላ ነው፤ እጃችን ለምዶት የሚሠራው፣ አፋችን ለምዶት የሚለው ደግሞ ሌላ። እነዚህን የሚሸከሙት የአንጎል ክፍሎች ይለያያሉ፤ በሽታውም በአንድ ጊዜ አይደርስባቸውም። በላይፕዚግ የሚገኘው የማክስ ፕላንክ ተቋም ተመራማሪዎች በ2015 ባወጡት ጥናት በመጀመሪያ ጤነኛ ሰዎች ለረጅም ጊዜ የሚያውቁትን ዘፈን ሲሰሙ የትኛው የአንጎል ክፍል እንደሚሠራ ለዩ። ከዚያ ያንኑ ክፍል በአልዛይመር ታማሚዎች አንጎል ውስጥ ተመለከቱ። በግንባሩ የአንጎል ክፍል መሃል ለመሃል ያለው ይህ ቦታ ከሌላው የአንጎል ክፍል ሲነጻጸር ብዙም አልተኮማተረም፤ ሥራውንም ብዙ አልቀነሰም። የአሚሎይድ ክምችቱ ግን እዚያም ነበረ። ማለትም የዘፈን ትዝታ ከበሽታው ያመለጠ አይደለም፤ ዘግይቶ የሚጎዳ ነው።

ይህንን ለወንድሜ የሐኪሙን ወረቀት ገልብጬ ሥዕል እየሣልኩ አስረዳሁት። ስሙ ያለበት ቦታና ዘፈኑ ያለበት ቦታ አንድ አይደሉም፤ ዘፈኑን ማስታወሷ ስሙን ስለመደበቋ ምንም አይነግረንም። ወዲያው አላመነኝም፤ ቀስ በቀስ ግን ስትሳሳት ከክፍሉ መውጣቱን ተወ። አሁን ገና በሩ ላይ ሆኖ «እማዬ፣ ትልቁ ልጅሽ ነኝ» ብሎ ስሙን ራሱ ይነግራታል፤ ከዚያ አጠገቧ ተቀምጦ ከእሷ ጋር ያጨበጭባል። «ማነኝ? እስቲ ማነኝ?» ማለት ቤታችን ውስጥ ቀርቷል። ዘፈንም ፈተና እንዳይሆን እንጠነቀቃለን። «ይህን የዘፈነው ማን ነው? መቼ ነው የወጣው?» ብሎ መጠየቅ የተከፈተውን ፊት መልሶ ይዘጋዋል። ቃሉን ከሳተች ከእሷ ጋር የሳተችውን እንዘፍናለን።

ምን ይዘፈን? በዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚጀምረው በልጅነቱ ቤቱ ውስጥ ይሰማው በነበረው ዘፈን ነው። የእነዚያ ዘፈኖች ትዝታ ግን የልጁ ነው፤ እናት ያን ጊዜ ትልቅ ሰው ነበረች። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ደጋግመው እንዳዩት ሰው ከዕድሜው ሁሉ አብልጦ የሚያስታውሰው በግምት ከ10 እስከ 30 ዓመቱ ያለውን ጊዜ ነው፤ በሙዚቃ ደግሞ የጉርምስናውና የወጣትነት መጀመሪያው ይበረታል። ስለዚህ የተወለደችበትን ዓመት ይዤ እሷ ከ10 እስከ 25 ዓመት በነበረችበት ጊዜ ይሰሙ የነበሩትን ፈለግሁ። አክስቴን ጠየቅሁ፤ የድሮ ጓደኛዋን በስልክ አገኘሁ፤ ከጋብቻዋ በፊት ምን እንደምትወድ፣ ትምህርት ቤት ምን ይዘምሩ እንደነበር፣ ልጅ እያለች እናቷ ምን እያለች ታስተኛት እንደነበር ጠየቅኋቸው። እኛ ልጆቿ ፈጽሞ ሰምተናቸው የማናውቃቸው ዘፈኖች ተገኙ።

ከዚያ ሙከራ ነው። አንድ ዘፈን ብቻ እከፍትና ዝም ብዬ አያታለሁ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል? ጣቶቿ ወንበሩን ይመታሉ? ዓይኗ ከግድግዳው ተነሥቶ ሰው ይፈልጋል? ትንፋሿ ይረጋጋል ወይስ ይፈጥናል? መናገር ለሚያስቸግረው ሰው መልሱ እዚህ ነው ያለው። የሠራውን እጽፋለሁ፤ ያልሠራውን ለሌላ ቀን አቆየዋለሁ። የተወደደውን ዘፈን ሌላ ዘፋኝ በአዲስ ቅንብር ሲጫወተው ብዙ ጊዜ አታውቀውም፤ የመጀመሪያው ቅጂ ከነአሮጌ ድምፁ ይሻላል። ከሁሉም ግን አጠገቧ ተቀምጦ በራስ ድምፅ መዝፈን ይበልጣል፤ ፍጥነቱን ለእሷ መቀነስ፣ ቃሉ ሲጠፋባት መጠበቅ፣ ዓይን ለዓይን መተያየት የሚቻለው እንደዚያ ብቻ ነውና። ዕድሜ የሴትን ድምፅ ያወፍራል፤ ስለዚህ ከዋናው ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩላት። ድምፃችሁ ባያምር አትጨነቁ።

ሙዚቃ ቀኑን ሙሉ የሚከፈት ነገር አይደለም። የአልዛይመር ታማሚ ከብዙ ድምፅ መካከል አንዱን መርጦ መስማት ይከብደዋል፤ ቴሌቪዥኑ፣ የሰው ወሬና ዘፈኑ ሲደራረቡ ይረበሻል። እኛ ዘፈን ስንከፍት ሌላውን ሁሉ እንዘጋለን። በመሃል ማስታወቂያ የሚገባበት ነገር አንጠቀምም፤ በድንገት የሚጮህ የማይታወቅ ሰው ድምፅ እናቴን ያስደነግጣታል፤ «ማን ገባ?» ትላለች። ስለዚህ ዘፈኖቹ ስልክ ላይ ተጭነዋል። የጆሮ ማዳመጫ ለአንዳንዱ ሰው ይረዳል፤ ለእናቴ ግን ጭንቅላቷ ላይ የተቀመጠው ነገር ምን እንደሆነ ስለማይገባት ትነቅለዋለች፤ እሱንም አላስገደድናትም። ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም፤ ከዚያ ጸጥታ። ጸጥታውም ያስፈልጋታል።

ከቀኑ ሁሉ የሚከብደን ገላዋን ማጠብ ነበር። ልብሷን ማን እንደሚያወልቅላት፣ ውኃው ለምን እንደሚፈስባት አይገባትም፤ ትፈራለች፤ የፈራ ሰው ደግሞ ይማታል። «እጅሽን አንሺ፣ አሁን ዙሪ፣ እግርሽን እዚህ» የሚል የትእዛዝ ብዛት ያደናግራታል። ስዊድን ውስጥ በነርስነት ሙያ የተሰማሩ ተመራማሪዎች አስታማሚዎች የጠዋቱን እንክብካቤ እየዘፈኑ ሲሰጡ ታማሚዎቹ በጥቂት ትእዛዝ ብዙ እንደሚተባበሩ አስተውለዋል። እኔም ያየሁት ይህንኑ ነው። መታጠቢያ ክፍሉ ከመግባታችን በፊት፣ ገና አልጋዋ ላይ ሳለች እጀምራለሁ። አዝማቹ ላይ ስንደርስ እንነሣለን፤ በምቱ እየረገጥን እንሄዳለን፤ እጇን በዜማው ከፍ አድርጋ ስትይዘኝ ልብሷ ይወልቃል። የምናገረው ጥቂት ነው። ሁልጊዜ አይሳካም። በማይሳካበት ቀን በእርጥብ ፎጣ አብሼ እተዋለሁ፤ ገላ ለነገ ይደርሳል።

ሁለተኛው ከባድ ሰዓት ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው። ብዙ ታማሚዎች በዚያ ሰዓት ይቁነጠነጣሉ፤ «ወደ ቤቴ ልሂድ» ይላሉ፣ ቤታቸው ተቀምጠው። ለዚህ የሚጠቅመው መቁነጥነጡ ከመጀመሩ በፊት መቅደም ነው። መብራት በጊዜ አበራለሁ፤ መጀመሪያ ትንሽ ሞቅ ያለ ዘፈን እናደርግና ቆመን እንወዛወዛለን፤ ከዚያ ዝግ ያለ፣ ከዚያ የበለጠ ዝግ ያለ። ከተረበሸች በኋላ ሞቅ ያለ ዘፈን መክፈት ረብሻውን ይጨምረዋል።

ዘፈን ሁልጊዜ ደስታ አያመጣም። አንድ ዘፈን ነበረ፣ በከፈትነው ቁጥር አባቴን የምትጠይቅበት። አባቴ ካረፈ ቆይቷል። «ሞቷል እኮ» ብሎ መንገር መርዶውን እንደ አዲስ ማርዳት ነው፤ እንደተነገራት አታስታውስምና ኀዘኑ ሁልጊዜ የመጀመሪያ ይሆንባታል። ስለዚህ «ናፈቀሽ?» እላታለሁ፤ ስለ እሱ ታወራልኛለች፤ አብረን እናወራለን፤ ቆይቼ ወደ ሌላ ዜማ እወስዳታለሁ። እንባ ሁሉ ግን መጥፎ አይደለም። እያለቀሰች እጄን የምትይዝበት፣ ሲያልቅ «ድገሚው» የምትልበት እንባ አለ፤ እሱን አላቋርጥባትም። ስታለቅስ የምትሸሽ፣ ጆሮዋን የምትይዝ፣ ሰውነቷ የሚጠነክር ከሆነ ያ ዘፈን ከዝርዝሩ ይወጣል።

ሙዚቃ በሽታውን አያድንም፤ የጠፋውንም አይመልስም። ይህንን በግልጽ የምለው ከሚያምር ቪዲዮ ተነሥቶ ብዙ የሚጠብቅ ቤተሰብ በኋላ ስለሚጎዳ ነው። ኮክሬን የተባለው ሕክምናዊ ጥናቶችን አሰባስቦ የሚገመግም ተቋም በ2018 ባወጣው ግምገማ ሙዚቃን መሠረት ያደረገ እንክብካቤ የድባቴ ምልክቶችን ሊቀንስና አጠቃላይ የባሕርይ ችግሮችን ሊያሻሽል እንደሚችል፣ በማስታወስና በማሰብ ችሎታ ላይ ግን ያለው ለውጥ ትንሽ ወይም ምንም እንደሆነ ደምድሟል። እኔ ያየሁትም ከዚህ አይርቅም። ከዘፈን በኋላ ለጥቂት ጊዜ ትነቃለች፣ ትስቃለች፣ አንዳንዴ ዓረፍተ ነገር ትጨርሳለች፤ ከዚያ ወደ ነበረችበት ትመለሳለች። ያቺን ጥቂት ጊዜ ለሚያስፈልገው ነገር እጠቀምባታለሁ፦ ውኃ ለማጠጣት፣ መድኃኒት ለመስጠት፣ የልጅ ልጆቿን በስልክ ለማገናኘት።

መድኃኒቱም በቦታው ይቀጥላል። ከ1996 ጀምሮ የሚታዘዘው ዶኔፔዚልና የመሳሰሉት ምልክቱን ለጊዜው ያቀልላሉ። በቅርብ ዓመታት አሚሎይድን ከአንጎል የሚያስወግዱ እንደ ሌካኔማብ ያሉ መድኃኒቶች በአንዳንድ አገሮች ተፈቅደዋል፤ እነሱም የበሽታውን ሂደት በመጠኑ የሚያዘገዩት ገና በጅምሩ ላሉ ሰዎች ብቻ ነው፤ አንጎል ውስጥ እብጠትና መድማት ሊያስከትሉ ስለሚችሉም በጥብቅ ክትትል ነው የሚሰጡት።

ሳላስበው ሙዚቃ አንድ ሌላ ጥቅም ሰጠኝ። እናቴ በየቀኑ የምትመልስለትን ዘፈን ስለማውቅ፣ አንድ ቀን በድንገት ምንም መልስ ስታጣ ደነገጥሁ። ትንቀላፋለች፣ ዓይኗ ይባዝናል፣ ትናንት ያንጎራጎረችውን ዛሬ አትሰማም። «በሽታው ብሶባት ነው» ያሉኝ ነበሩ። አልዛይመር ግን በአንድ ሌሊት አይብስም። በሰዓታት ወይም በአንድ ሁለት ቀን የሚመጣ ለውጥ ሌላ ምክንያት አለው፦ ኢንፌክሽን፣ የሰውነት ውኃ ማነስ፣ ሆድ ድርቀት፣ ሕመም፣ አዲስ መድኃኒት። ሐኪም ዘንድ ወሰድናት፤ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነበር። ታክማ ስትሻላት ማንጎራጎሯም ተመለሰ። አረጋውያን ኢንፌክሽን ይዟቸው ትኩሳት ላይኖራቸው ይችላል፤ መጀመሪያ የሚታየው መደናገር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የታማሚያችሁን የየዕለት መልስ እወቁት፤ ሲጠፋ ነገ እናያለን አትበሉ።

አስታማሚውን የረሳሁ እንዳይመስልባችሁ። ፊንላንድ ውስጥ የተሠራና በ2014 የወጣ ጥናት በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ያሉ የዲሜንሺያ ታማሚዎችን ከነአስታማሚዎቻቸው አሳትፎ፣ መዝፈንና ማድመጥ የታማሚዎቹን ስሜት እንዳሻሻለ፣ አብሮ መዝፈን ደግሞ የአስታማሚዎቹንም ደህንነት እንደጠቀመ አሳይቷል። ይህ አላስገረመኝም። ወሬ ሲያልቅብን፣ የምላት አይገባት፣ የምትለኝ አይገባኝ ሲሆን፣ የሚያደክመው ያ ባዶነት ነበር። ዘፈን ሲኖር ሁለታችንም የምናውቀው፣ ሁለታችንም የምንችለው ሥራ አለን። ከሰው ጋር ውዬ እንደመጣሁ ይሰማኛል። እኔ በደከመኝ ቀን ደግሞ ሌላ ሰው ይዘፍናል፤ ወንድሜ፣ ልጆቹ፣ በሥራ የምታግዘን ልጅ ሁሉ ዘፈኖቹን ለምደዋል።

አሁን እናቴ በሽታው ጠንቶባታል። መጀመሪያ የሄደው ስንኙ ነው፤ አዝማቹን ብቻ ትይዝ ነበር። ቀጥሎ ቃሉ ሄደና ዜማው ቀረ። አሁን ዜማውም የለም፤ እጇን ስይዛት ጣቶቿ በምቱ ይጫኑኛል፤ ሳይጫኑኝ የሚቀሩበትም ቀን አለ። በዚህ ደረጃ ብዙ ድምፅ ይከብዳታል። አንድ ዘፈን፣ በዝግታ፣ በለሆሳስ፣ ከፊት ለፊቷ ሆኜ እንጂ ከኋላዋ አይደለም። ትንፋሿ ከዜማው ጋር ሲረጋጋ እቀጥላለሁ፤ ፊቷን ስታዞር አቆማለሁ።

ወላጆቻችሁ ጤነኛ ሆነው አሁን ከእናንተ ጋር ካሉ ዛሬውኑ ጠይቋቸው፦ ልጅ እያሉ ምን ይዘምሩ እንደነበር፣ በወጣትነታቸው ምን እየሰሙ ይጨፍሩ እንደነበር፣ ሲከፋቸው ምን እንደሚያንጎራጉሩ፣ የትኛውን ዘፈን ደግመው መስማት እንደማይፈልጉ። የመጨረሻውን አትዝለሉት። ከዘፈኑ ስም ጎን ዘፋኙን፣ የትኛው ቅጂ እንደሆነና ለምን ሰዓት እንደሚስማማ ጻፉ። ወረቀቱ አንድ ሰው እጅ ብቻ አይቅር። እናቴ ሆስፒታል ስትተኛ ከመድኃኒቶቿ ዝርዝር ጋር አንድ ገጽ ለተረኛዋ ነርስ ሰጠሁ፦ በቀኝ ጆሮዋ የተሻለ ትሰማለች፤ መርፌ ከመወጋቷ በፊት ስሟን ጠርታችሁ እጇን ያዙ፤ ይህን አዝማች ብትሉላት ክንዷን ትዘረጋለች፤ ይህንን ዘፈን ግን እባካችሁ አትክፈቱባት። ነርሷ ገጹን አልጋው ራስጌ ላይ ለጠፈችው፤ ፈረቃ የሚቀይሩትም እያነበቡት ይገቡ ነበር።